አንበሳው ማነው? ስለ «ፋቡላ» ዘግይቶ የመጣ ሒስ

ጥያቄው ሁላችንንም አግኝቶናል። «የመጀመሪያው ዘመናዊ የኢትዮጵያ ተውኔት የትኛው ነው?» ይላል የፈተናው ወረቀት። ምርጫዎቹን አየት አየት እናደርግና «ፋቡላ» የሚለውን እናከብባለን። ደራሲውስ ሲባል ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም እንላለን። ጎበዝ ተማሪ ከሆንን ደግሞ «ንግሥት ዘውዲቱ አገዱት» የምትለዋን ጣል እናደርግባታለን። አንድ ነጥብ። አለቀ። ወደሚቀጥለው ጥያቄ።

ግን አንድ ነገር ልብ በሉልን። ይሄ ቴአትር ኮሜዲ ነው። ርዕሱ ላይ በግልጽ ተጽፏል፦ «ፋቡላ፦ የአውሬዎች ኮመዲያ»። ሰው ተሰብስቦ እንዲስቅበት የተሠራ ነገር ነው። በትምህርት ዘመናችን ሁሉ ታዲያ «ለመሆኑ ያስቃል ወይ?» ብሎ የጠየቀን አስተማሪ አልገጠመንም። «የመጀመሪያው» የሚለውን ቃል እንደ ነጠላ አለበሱት፤ «የታገደው» የሚለውን እንደ ጋቢ ደረቡበት፤ ከሥር ያለው ቀልደኛ ሰውዬ ታፍኖ ቀረ። እኛም እንደ ሟች ዘመድ ፎቶ ግድግዳ ላይ ሰቅለነው፣ ስናልፍ ስናገድም ራሳችንን ዝቅ እያደረግን እናልፈዋለን።

እና ዛሬ ፎቶውን ከግድግዳው ልናወርደው ነው። «ፋቡላን» በእድሜው ሳይሆን በኮሜዲነቱ ልንመዝነው ነው። ሒሳችን የሚቆመው በሦስት ነገር ላይ ነው፦ በርዕሱ፣ ደራሲው በመረጡት ቅርጽ፣ እና ባስደነገጠው ተመልካች። መደምደሚያችንን ከአሁኑ እንንገራችሁ፤ እኛ ምሥጢር መጠበቅ አንችልበትም። «ፋቡላ» ተመልካቹን ያስቆጣው ስላልገባው አይደለም። ሁሉም ሰው ድርሻው ስለደረሰው ነው።

*

ነገሩ ወዲህ ነው። ተክለ ሐዋርያት በ1876 ዓ.ም. ሸዋ ውስጥ ተወለዱ። ሐረር፣ ራስ መኮንን ቤት ኖሩ። ገና ልጅ ሳሉ ከዐድዋ ዘማቾች ጋር አብረው ሄዱ። ከጦርነቱ በኋላ ሊዮንቲየቭ የሚባለው ሩሲያዊ ይዟቸው ወደ አገሩ ተሻገረ፤ እዚያም ዓመታት ኖረው የመድፈኛ መኮንንነት ተማሩ። ሲመለሱ አማርኛቸውን፣ ሩሲያኛቸውን፣ ፈረንሳይኛቸውንና ብዙ ብስጭት ይዘው መጡ። ከአገሩ ርቆ የቆየ ሰው የሚይዘው ብስጭት ታውቃላችሁ አይደል? ቦሌ ከወረደበት ሰዓት ጀምሮ «ይሄ ነገር እንዲህ ቢሆን ምናለ» የሚለው ዓይነት። የእሳቸው ግን ከወሬ አለፈ። በኋላ በ1923 ዓ.ም. የወጣውን የመጀመሪያውን የተጻፈ ሕገ መንግሥት ያረቀቁት እሳቸው ናቸው። ኢጣልያ ስትወርረን ደግሞ ጄኔቭ፣ የመንግሥታቱ ማኅበር ፊት ቆመው ስለ አገራቸው ተከራክረዋል።

በሕይወት ታሪካቸው እንደሚተርኩት፣ የቴአትር ነገር የመጣባቸው አንድ ቀን «ቴአትር» ተብለው ተጋብዘው ሲሄዱ ነው። የጠበቃቸው የአዝማሪ ዘፈንና ጭፈራ ሆነ። አፈሩ። «ቴአትር ማለትስ እንዲህ ነው» ብለው ለማሳየት ብዕር አነሡ። በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን፣ በ1913 ዓ.ም. ገደማ፣ «ፋቡላ» ቴራስ በሚባለው ሆቴል ለመሳፍንቱ፣ ለመኳንንቱና ለሚኒስትሮቹ ታየች። ከዚያ ታገደች። እሷ ብቻ ብትታገድ ደህና፤ ቴአትር የሚባለው ነገር ራሱ ንግሥቲቱ በሕይወት እስካሉ ድረስ ተከለከለ።

የዚያን ጊዜዋን አራዳ እስኪ አስቧት። ፒያሳ የሚለው ስም ገና አልመጣም፤ ኢጣልያኖች ናቸው በወረራው ዘመን ያመጡት። ላይ ቅዱስ ጊዮርጊስ አለ። አጠገቡ ትልቁ ገበያ። ወረድ ሲሉ የግሪኩ፣ የአርመኑ፣ የሕንዱ ሱቅ። የእቴጌ ጣይቱ ሆቴል ሥራ ከጀመረ ከአሥር ዓመት በላይ ሆኖታል። ከተማዋ አዲስ ነገር የምትወድ፣ አዲስ ነገር ደግሞ የምትፈራ ናት። ተንቀሳቃሽ ሥዕል የሚታይበትን ቤት «የሰይጣን ቤት» ብሎ የሰየመው የዚያ ዘመን ሕዝብ ነው። ስሙን ሰጥቶት ሲያበቃ ገብቶ የሚያየውም እሱው ነው። አራዳነት ያኔም ነበር።

*

አሁን ወደ ርዕሱ እንግባ። «ፋቡላ» የላቲን ቃል ነው፤ ተረት ማለት ነው። «ኮመዲያ» ከፈረንጅ የመጣ ነው። በሁለቱ መሐል አንድ የአማርኛ ቃል ተቀምጧል፦ «የአውሬዎች»።

ልብ በሉ፤ «የእንስሳት» አላሉም። አማርኛ በእንስሳና በአውሬ መሐል ያለውን ልዩነት አጥብቆ ያውቃል። በግ እንስሳ ነው፤ ላም እንስሳ ናት። አውሬ የሚባለው የሚበላው ነው። በቃል የተራቀቁ ባለሥልጣናት ፊት፣ ቅኔ ሲሰሙ ባደጉ ሰዎች ፊት «የአውሬዎች ኮመዲያ» የሚል ርዕስ ይዞ መቅረብ ገና መጋረጃ ሳይገለጥ ሙድ መያዝ ነው። እኛ በበኩላችን ለርዕሱ ብቻ ሙሉ ነጥብ ሰጥተናል።

ሁለተኛው ቅርጹ ነው። ተክለ ሐዋርያት መነሻ ያደረጉት የላ ፎንቴንን የእንስሳት ተረቶች ነው። ላ ፎንቴን በሉዊ 14ኛ ዘመን የኖረ ፈረንሳዊ ገጣሚ ነው፤ የመጀመሪያዎቹን ተረቶች እ.ኤ.አ. በ1668 አሳተመ። ከእነዚህ ተረቶች አንዱን ለአብነት እንንገራችሁ። በዱር ወረርሽኝ ይገባል። አንበሳ ጉባኤ ይጠራና «በኃጢአታችን ነው ይሄ የመጣው፤ ሁላችንም እንናዘዝ፤ ኃጢአቱ የከበደው ይሠዋ» ይላል። ራሱ ይጀምራል፤ በጎች በልቻለሁ፣ እረኛውንም ጭምር። ቀበሮ ብድግ ብላ «ጌታዬ፣ በጎቹን አከበሯቸው እንጂ ምን አደረጓቸው!» ትላለች። ነብሩም ድቡም ሲናዘዙ ሁሉም ቅዱስ ሆነው ይገኛሉ። በመጨረሻ አህያ ተነሥታ፣ በገዳም መስክ ሳልፍ ርቦኝ አንድ ጉርሻ ሣር ግጫለሁ ትላለች። ጉድ! ጉባኤው በአንድ ድምፅ ይፈርድባታል።

«ይሄንን ተረት አያቴ ነግራኛለች» አላችሁ አይደል? አዎ። ከፈረንጅ መጽሐፍ ሳይሆን ከምድጃ ዳር ሰምታችሁት ነው። ኃጢአቷን የተናዘዘችው አህያ በእኛም አገር አለች። አንበሳው፣ ነብሩና ጅቡ የሚፈርዱባት ተረት ነው። ሃሮልድ ኩርላንደርና ቮልፍ ሌስላው እ.ኤ.አ. በ1950 ባሳተሙት የኢትዮጵያ ተረቶች መጽሐፍ ውስጥ ተካቷል።

እንግዲህ ጨዋታው እዚህ ላይ ነው። ተረቱ በገበሬው ምድጃ ዳር ሲነገር ማንም አልተቆጣም። በፈረንሳይ ቤተ መንግሥት ዘመን ተጽፎ ደራሲው አልታሠረም። ይኸው የተረት ዘር አራዳ ውስጥ መድረክ ላይ ሲወጣ ግን ለዓመታት የቆየ እገዳ አስከተለ። ለምን?

«አገዛዙ ቀልድ አይወድም ነበራ» የሚለው መልስ ቀላል ነው፤ እውነት ግን አይደለም። የእኛ ቤተ መንግሥት ቀልድ ያውቃል። አለቃ ገብረ ሐና በነገሥታቱና በመኳንንቱ ላይ ያልቀለዱት ቀልድ የለም፤ ሰሙንና ወርቁን ለይተው የሚስቁትም ራሳቸው መኳንንቱ ነበሩ። አዝማሪው ግብር ላይ ቆሞ ጌታውን በግጥም ሸንቆጥ ያደርጋል፤ ጌትየው ይስቅና ይሸልመዋል። ተክለ ሐዋርያት ያፈሩበት አዝማሪ፣ ስድቡን ተናግሮ ሽልማቱን ይዞ በሰላም ቤቱ ይገባል። የተማሩት መኮንን ግን ተረት አምጥተው ታገዱ።

የእኛ መልስ እንዲህ ነው። አዝማሪው የሚሸነቁጠው አንድን ሰው ነው። ግጥሟ አንድ ሰው ላይ ታርፋለች፤ ሌላው ሁሉ ወደዚያ ሰው ዞሮ ይስቃል። ሰውየው ብር አውጥቶ ግንባሩ ላይ ሲለጥፍለት ሒሳቡ ይዘጋል። የብዙ ገጸ ባሕርያት ኮሜዲ ግን እንደዚያ አይዘጋም። መድረኩ ላይ የሚበላው አለ፣ የሚያጨበጭበው አለ፣ አይቶ ዝም የሚለው አለ፣ የሚበላው ደግሞ ራሱ ይቅርታ ሲጠይቅ ይታያል። ተመልካቹ «እከሌን ነው የነካው» ብሎ ዞር ሲል፣ ጎኑ ያለውም ወደ እሱ ዞሮ ያየዋል። ዋና ተዋናይ የለም፤ ስለዚህ የሚሸሸግበት ተመልካች የለም። ሽልማት ሰጥቶ መገላገልም የለም፤ ለማን ይሰጣል?

ጊዜውንም አንርሳ። ልጅ ኢያሱ ከሥልጣን የወረዱት በ1909 ዓ.ም. ነው፤ ሰገሌ ላይ የፈሰሰው ደም ገና አልደረቀም። በ1910 ዓ.ም. መሀል ሰፋሪ የተባለው ጦር ተሰብስቦ «ሚኒስትሮቹ ይውረዱልን» አለ፤ ከፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ በቀር ሁሉም ወረዱ። በኅዳር 1911 ዓ.ም. «የኅዳር በሽታ» የተባለው ወረርሽኝ ከተማዋን አጨዳት። በቤተ መንግሥቱ ደግሞ ንግሥትና አልጋ ወራሽ እየተያዩ አሉ። አልጋ ወራሹ ራስ ተፈሪ ናቸው፤ መኳንንቱም የማን ወገን መሆኑ እንደሚሻል ገና ያሰላል። የነገሥታቱ ምልክት ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ፤ ሞዓ አንበሳ። እንግዲህ በዚህ አዳራሽ ውስጥ ነው «የአውሬዎች ኮመዲያ» የተባለው። አንበሳውን ለመፈለግ መጋረጃው እስኪገለጥ የሚጠብቅ ሰው የለም!

*

ይሄ ነገር የእኛ ብቻ እንዳይመስላችሁ። የፊልም ወዳጆች ዣን ሬኗርን ታውቁታላችሁ። በ1930ዎቹ (በፈረንጅ) የፈረንሳይ ስመ ጥር ዳይሬክተር እሱ ነበር። «ታላቁ ቅዠት» የተባለው የ1937 ፊልሙ ስሙን በዓለም አስጠርቶታል። ሰው ቀጣዩን በጉጉት ሲጠብቅ «የጨዋታው ሕግ» የሚባል ኮሜዲ ይዞ መጣ። ሀብታሞች ገጠር ባለ ትልቅ ቤት ተሰብስበው አደን ያድናሉ፤ ጌቶቹም አሽከሮቹም ባልና ሚስት እየተቀያየሩ ይተራመሳሉ፤ በመጨረሻ ሰው ይሞታል፤ የቤቱ ጌታም «አጋጣሚ ነው» ብሎ እንግዶቹን ወደ መኝታቸው ይሸኛል። ዋና ገጸ ባሕርይ የለውም። ክፉ የሚባል ሰውም የለበትም። ሁሉም የየራሱ ምክንያት አለው፤ ሁሉም አብረው ያስጠላሉ፤ ሁሉም ያስቃሉ።

ሐምሌ 7 ቀን 1939 (እ.ኤ.አ.) ፓሪስ ውስጥ ሲታይ ተመልካቹ በፉጨትና በጩኸት ተቀበለው። ሬኗር በኋላ በጻፈው ትዝታው አንድ ተመልካች ጋዜጣ አቀጣጥሎ ሲኒማ ቤቱን ሊያቃጥል ሲሞክር እንዳየ ይናገራል። ደንግጦ ፊልሙን ቆራረጠው። አልሆነም። በዚያው ዓመት መስከረም ጦርነት ተጀመረ፤ በጥቅምት መንግሥት «የሕዝብን መንፈስ ያዳክማል» በሚል አገደው። ዋናው ኮፒ ደግሞ በጦርነቱ ቦምብ ነደደ። ከዓመታት በኋላ ፊልም አፍቃሪዎች ቁርጥራጩን ከየሣጥኑ ለቃቅመው ሰፍተው በ1959 መልሰው አሳዩት። ከ1952 እስከ 2012 የእንግሊዙ «ሳይት ኤንድ ሳውንድ» መጽሔት በየአሥር ዓመቱ ሐያሲዎችን በጠየቀ ቁጥር ከምርጥ አሥሮቹ ውስጥ ያልወጣ ፊልም እሱ ነው።

ፊልሙና «ፋቡላ» አንድ ናቸው እያልን አይደለም። የወደቁበት ምክንያት ግን ይመሳሰላል። ሁለቱም አንድ ጥፋተኛ አምጥተው ሕዝቡን አላስታረቁትም። የጥፋተኞች ማኅበር አቋቁመው ተመልካቹን አባል አደረጉት።

ተቃራኒውንም እንጥቀስ፤ ተክለ ሐዋርያት ከተማሩበት አገር። ጎጎል እ.ኤ.አ. በ1836 ፒተርስበርግ ላይ ያሳየው ኮሜዲ፣ «ተቆጣጣሪ መጣ» ሲባል የሚሸበሩ ጉቦኛ ሹማምንትን የሚያፌዝበት ነው። ቀዳማዊ ኒኮላስ፣ በሳንሱር የታወቀው ያ ጨካኝ ዛር፣ ራሱ አዳራሽ ገብቶ አየው። አላገደውም። ሹማምንቱ ተነጫነጩ፤ ቴአትሩ ግን ሌላ ምሽት አገኘ፤ ከዚያም ሌላ። ሰው መሳቅ የሚለምደው እንዲህ ነው። የመጀመሪያው ምሽት ላይ የተቆጣው፣ ሦስተኛው ምሽት ላይ ጎረቤቱ ሲስቅ አይቶ ይስቃል።

«ፋቡላ» ያጣችው ይሄንን ነው።

*

ለምን ይሄን ያህል ከነከናችሁ ትሉ ይሆናል። እንንገራችሁ። ከጥቂት ዓመታት በፊት እኛ አራታችን አንዲት የ12 ደቂቃ ጭውውት ጽፈን ነበር። ርዕሷ «የአውሬዎች የታክሲ ሰልፍ»። ጅብ ተራ አስከባሪ ነው። ዝንጀሮ ሰልፍ ሳይዝ «እዚህ ጋ ነበርኩ» ይላል። ቀበሮ ስልኳን ይዛ የምታወራ መስላ ወደፊት ትጠጋለች። አህያ ከነሸክሟ ጠዋት የቆመችበት ቦታ ላይ አለች። ታክሲው ሲመጣ ሁሉም ገብተው ለእሷ ቦታ ይጠፋል፤ እሷ ግን «ይቅርታ፣ ዕቃዬ ብዙ ሆኖ ነው» ትላለች። ይኸው ነው። በፒያሳ ሰልፍ ቆሞ የሚያውቅ ሁሉ ያየው ነገር ነው።

አንድ አዳራሽ ለበዓል ዝግጅት ሊያሳየን ተስማማ። ዝግጅቱ ሦስት ቀን ሲቀረው ኃላፊው ጠሩን። ጽሑፏን ሁለቴ አንብበዋታል።

«ልጆች፣ ጥሩ ነው። ግን አንበሳው ማነው?»

«ጋሼ፣ አንበሳ የለበትም እኮ።»

ወረቀቱን ገለጥ ገለጥ አደረጉ። እውነትም የለም። ትንሽ አሰቡና መነጽራቸውን አወለቁ።

«ለምንድነው የሌለው?»

ምን ይመለሳል! አንበሳ ቢኖር «ማንን ነው?» ይባላል፤ ባይኖር «ማንን ፈርታችሁ ነው?»። በእኛ ቦታ ስለ እጅ መታጠብ የሚያስተምር ጭውውት ቀረበ። ሰው በጨዋነት አጨበጨበ። እጁን ታጥቦ ይሁን አይሁን አላየንም።

ያን ዕለት ሰውየው ክፉ አልነበሩም። ሻይ ጋብዘውናል። የፈሩት አለቃቸውን ነው፤ አለቃቸው ደግሞ ጭውውቷን አይተዋት አያውቁም። ከመቶ ዓመት በኋላ እገዳው ትእዛዝ መሆኑ ቀርቶ ጠባይ ሆኗል። ዛሬ «ይታገድ» የሚል አዋጅ ማንበብ አያስፈልግም፤ «አንበሳው ማነው?» ማለት ይበቃል።

*

ሒስ ብለን ጀምረናልና ማሞገስ ብቻ አይሆንም። «ፋቡላ» ድክመት አላት፤ ድክመቷም ከልደቷ ይጀምራል። የተወለደችው ሰው ለማዝናናት ሳይሆን ሰው ለማስተማር ነው። «ቴአትር እንዲህ ነው» ለማለት የተጻፈ ኮሜዲ ጣቱን ቀስሮ የሚያስቅ ኮሜዲ ነው። ተክለ ሐዋርያት በአዝማሪው አፈሩ፤ እኛ ግን አዝማሪውን ቢያማክሩት ኖሮ እንላለን። አዝማሪው የሚያውቀው አንድ ትልቅ ነገር አለ፦ መቼ መሸንቆጥ፣ መቼ ማቆላመጥ፣ መቼ «ተቀበል» ብሎ ሕዝቡን ከጎን ማሰለፍ። ከስድቡ በፊት ሳቁን ያዘጋጃል።

ሁለተኛው ድክመት የአዳራሹ ነው። ኮሜዲ ተራ ሰው ይፈልጋል። ያን ምሽት ወንበሩን የያዘው ባለሥልጣን ብቻ ነበር። ባለሥልጣን ደግሞ ከመሳቁ በፊት አለቃው መሳቁን ያያል፤ አለቃው የበላዩን ያያል፤ ሳቅ እንዲህ በደረጃ ሲወጣ መንገድ ላይ ይሞታል። ከአራዳ ገበያ አንዲት ጨው ነጋዴ፣ አንድ እንጨት ተሸካሚ፣ ሁለት ሊስትሮ ከኋላ ቢቀመጡ ኖሮ አንዷ «ውይ!» ብላ ከት ትል ነበር። ከት ያለ ሳቅ ደግሞ ማዕረግ አያውቅም። መኳንንቱ መሐል ጥርስ የነከሰ ሁሉ አብሮ ይለቅ ነበር። ጎጎልን ያዳነው የዛሩ ደግነት ብቻ አይደለም፤ በተከታዮቹ ምሽቶች የመጣው ሕዝብም ነው።

የእገዳውን ዋጋ ከዚህ ነው የምናሰላው። ተክለ ሐዋርያት ከዚያ በኋላ ብዙ ነገር ሆኑ። ገዢ፣ የገንዘብ ሚኒስትር፣ ዲፕሎማት፣ ስደተኛ፣ በስተእርጅና ደግሞ ሐረርጌ ውስጥ ገበሬ። በ1969 ዓ.ም. እስኪያርፉ ድረስ ረጅም ዕድሜ ኖሩ። በጸሐፌ ተውኔትነት የምናውቃቸው ግን በዚህችው በአንዷ ነው። የመጀመሪያ ሥራ ጥፋቱን የሚያርመው ሁለተኛው ሥራ ላይ ነው፤ የእሳቸው ሁለተኛ ሥራ አልመጣም።

ቴአትር ራሱ የተመለሰው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሲነግሡ ነው። ሲመለስም በዮፍታሔ ንጉሤና በመላኩ በጎሰው እጅ፣ በትምህርት ቤት በኩል፣ ልብሱን አስተካክሎ፣ በአብዛኛው ስለ ሃይማኖትና ስለ አገር ፍቅር እየተናገረ መጣ። በ1927 ዓ.ም. የተመሠረተው የሀገር ፍቅር ማኅበርም ስሙ እንደሚለው ነው። ጦርነት እየመጣ ነበርና አንፈርድም። መንግሥቱ ለማ «ጠልፎ በኪሴ»ንና «ያላቻ ጋብቻ»ን ይዞ መጥቶ ሙሉ አዳራሽ በራሱ ጠባይ እስኪያስቅ ድረስ ግን 40 ዓመት ያህል አለፈ። 40 ዓመት ሙሉ ኮሜዲ እንደ ኮሜዲ ሳይለመድ ቀረ።

ያ ክፍተት እስከ ዛሬ አለ። አማርኛ ፊልም በሲኒማ አምፒርና በሲኒማ ኢትዮጵያ ደጃፍ ሰልፉ አስፋልት የሚያቋርጥበት ዘመን ነበር፤ ትኬት ለመቁረጥ የተጋፋን እናውቀዋለን። ከሚታዩት ብዙዎቹ ኮሜዲ ነበሩ። ከአዳራሹ ስንወጣ ታዲያ ምን እንላለን? «ያው ሳቅ ነው፤ ቁም ነገር የለውም።» ሆዳችንን ይዘን ስቀን ስናበቃ! አንዱ ኮሜዲ ቁም ነገር ሲኖረው ደግሞ «ማንን ለመንካት ነው?» እንላለን። ለእኛ ኮሜዲ ወይ ቧልት ነው ወይ ስድብ። በመሐላቸው ያለችውን፣ ሁላችንንም አንድ ላይ የምታሳየንን ቦታ የምንጠራበት ስም እንኳን የለንም። አራዳ ልጅ «ሙድ መያዝ» ይላታል፤ እሷም ብትሆን ሌላ ሰው ላይ ሲሆን ብቻ ናት የምትጥመን።

*

በ2016 ዓ.ም. ፒያሳ ሲፈርስ ዶሮ ማነቂያም ሄደ። ሠራተኛ ሰፈርም ተነካ። አያቶቻችን የሚያውቁት ቤት፣ እኛ ጥብስ የበላንበት ደጃፍ በሳምንታት ውስጥ ሜዳ ሆነ። ሰፈር ሲሄድ ቀልዱም ይሄዳል። አራዳ ቀልድ የሚያመርተው በጠባብ ቦታ ነው፦ በረንዳ ላይ፣ ሻይ ቤት ውስጥ፣ አንዱ የሌላውን ወሬ በግድግዳ በኩል በሚሰማበት ግቢ። ነዋሪው ተበትኖ የየራሱ ኮንዶሚኒየም ሲገባ፣ ሙድ የሚይዝበት ጎረቤት ያጣል። አሁን «ፋቡላ»ን የምናስታውሳት ለዚህም ጭምር ነው። ያ ምሽት የተፈጠረው የማይገናኙ ሰዎች በአንድ ጣሪያ ሥር ተቀምጠው ስለራሳቸው እንዲያዩ በተጠየቁበት ሰፈር ነው።

እንግዲህ የምንለው ይሄንን ነው። የቴአትር ሰዎች ሆይ፣ «ፋቡላ»ን ልታስቡልን ካሰባችሁ በጉባኤ አታስቡልን። ጥናታዊ ጽሑፍ፣ የሻይ እረፍት፣ የምስክር ወረቀት ይቅርብን። መድረክ ላይ አውጡልን፤ አራዳ ክፍለ ከተማ ውስጥ፣ ጥቅል ጎመን የምትሸጠዋ እናት የምትችለው ዋጋ ተለጥፎበት። የፊት ወንበር ለክብር እንግዳ አይያዝ። አዝማሪም ይጨመርበት፤ ፊታውራሪ ይቅር ይበሉን። አንድ ምሽት ብቻ ሳይሆን ቢያንስ አሥር ምሽት ይታይ።

ባያስቅስ? ባያስቅ ይውደቅ። በሳቅ እጦት የወደቀ ኮሜዲ በክብር ወድቋል፤ ተመልካች ፈርዶበታል። ይቺ ቴአትር እስከ ዛሬ ያላገኘችው ይሄን ፍርድ ነው።

መጋረጃው ሲገለጥ ታዲያ ከጎናችሁ የተቀመጠው ሰው ጠጋ ብሎ «አንበሳው ማነው?» ካላችሁ መልሱን አትንገሩት። ዝም ብላችሁ እዩት።